አጭሩም ይቆይ፣ ሙሉውም ይምጣ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ዛሬ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛና እኔን አስጠሩን። አዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት በካርቶን እንደታሸጉ ኮሪደሩን ሞልተውታል፤ የሚገቡበት ቦታ ግን የለም። ቦታ ይለቀቅ ከተባለ ከእንግሊዝኛ ልቦለዶች መደርደሪያ ላይ ነው። «የሚቆየውንና የሚወገደውን ለይታችሁ ለንብረት አወጋገድ ኮሚቴው ዝርዝር አቅርቡ። በተለይ እነዚያ አጥረው የተዘጋጁት የታላላቅ ደራስያን ሥራዎች ነገር ይታሰብበት» አሉን። ጡረታ ብወጣም ከዚህ ቤተ መጻሕፍት አልተለየሁምና ሥራውን በደስታ ተቀበልኩ።

ከሰዓት በኋላ መጻሕፍቱን ከላይ እስከ ታች አወረድናቸው። አቧራቸውን እያራገፍን ስንለያቸው በሦስት ወገን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፍና አንቀጽ ያወጡ፣ የቀረውን የደራሲውን ዐረፍተ ነገር ግን ያልነኩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ታሪኩን ወስደው በሌላ ሰው ቀላል እንግሊዝኛ እንደገና የተጻፉ ናቸው፤ የሎንግማንና የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ እትሞች እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛዎቹ ስለ ራሳቸው ምንም አይናገሩም። ሽፋናቸው ላይ የደራሲው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ውስጣቸው ግን የሙሉውን ሲሦ እንኳ አይሞላም። ማን እንዳሳጠራቸው፣ ምን እንደወጣባቸው፣ ማጠራቸውም ራሱ የትም አልተገለጸም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የውሰት መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ልጆቹ የሚወስዱት እነዚህን ቀጫጭኖቹን ነው። እነሱን ካወጣናቸው ወደዚህ መደርደሪያ የሚመጣ አይኖርም» አለች። በመካከል የገባው የአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር በዚህ አልተስማማም። «ዲክንስን ያላነበበ ልጅ ዲክንስን አንብቤያለሁ ብሎ ከዚህ ግቢ እንዲወጣ እያደረግን ነው። ለልጁም ለዲክንስም በደል ነው» አለ። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም መጽሐፍ ይወዳሉ። ስለዚህ ነገሩን ሳልቸኩል እየጻፍኩ ላስብበት ወሰንኩ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» ሙሉውንና አጭሩን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ ዋልኩ። ሙሉው በ1862 የታተመ ነው (የውጭ አገር መጻሕፍትን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አምስት ክፍል ነው፤ አምስቱ ክፍል በ48 መጽሐፍ፣ 48ቱ መጽሐፍ በ365 ምዕራፍ ተከፍሏል። በእጄ ያለው አጭሩ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

አጭሩ የሚጀምረው በ1815 አንድ የደከመ መንገደኛ ዲኝ ወደምትባል ከተማ ሲገባ ነው። መንገደኛው ከ19 ዓመት እስር የተፈታው ዣን ቫልዣን ነው። ደጁ ሁሉ ሲዘጋበት ጳጳሱ ቤታቸው ያሳድሩታል። እሱ የብር ዕቃቸውን ሰርቆ ይወጣል። ፖሊሶች ይዘው ሲመልሱት ጳጳሱ ዕቃውን እኔ ሰጠሁት ብለው ያስለቅቁታል፤ የብር መቅረዞቻቸውንም ይጨምሩለታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ገጾች ያልቃል፤ እንዲያም ሆኖ ልብ ይነካል።

በሙሉው ግን ቫልዣን ከመምጣቱ በፊት 14 ምዕራፎች የተጻፉት ስለ ጳጳሱ ነው። ሚርየል ሰፊውን የጵጵስና መኖሪያቸውን ለሕሙማን ሰጥተው እሳቸው ወደ ጠባቡ የሆስፒታል ቤት የተዛወሩ፣ ከዓመት ደመወዛቸው ከ15,000 ፍራንክ ለራሳቸው 1,000 ብቻ የሚያስቀሩ ሰው ናቸው። አገሬው የሸሸው አንድ የአብዮቱ ዘመን ሽማግሌ ሊሞት ሲል ነፍሱን ሊመልሱ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ ተንበርክከው ቡራኬ የሚለምኑት እሳቸው ይሆናሉ። እነዚህን ምዕራፎች ያነበበ ሰው የመቅረዞቹ ስጦታ አያስደንቀውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ነገር ሊያደርግ እንደማይችል አውቆ ይጠብቀዋል። አጭሩ ላይ ምሕረት በአንድ ሌሊት ድንገት ይወርዳል። ሙሉው ላይ ምሕረት ዕለት ዕለት ሲለማመዱት የኖሩት ሥራ ነው። ለአንድ ወጣት ከሁለቱ የትኛውን ብናስተምረው ይሻላል? እኔ ስለ ሁለተኛው አልጠራጠርም።

ፍርዴ ሚዛን እንዳያጣ ሌላውንም ልጻፍ። ሁጎ ታሪኩን አቁሞ ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሄድባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ኖርማን ዴኒ በ1976 ባወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለ ገዳማትና ስለ ወንበዴዎች ቋንቋ የሚያወሩትን ሁለት ክፍሎች ከመሐል አንሥቶ መጨረሻ ላይ በአባሪነት አስቀምጧቸዋል። አላጠፋቸውም፤ ያደረገውንም በመግቢያው ለአንባቢ ተናግሯል። የዋተርሉ ጦርነት 19 ምዕራፎች ግን ከነቦታቸው አሉ። ብዙ አሳጣሪዎች መጀመሪያ የሚጥሉት ይህንኑ ክፍል ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሌሊት የሞቱትን የሚገፈው ቴናርዲዬ ኋላ በታሪኩ የሚመጣውን የወጣቱን የማሪዩስን አባት ከሬሳ ክምር ሲያወጣ እናያለን። ማሪዩስ ኋላ ለዚህ ወንጀለኛ የሚሰማው የውለታ ዕዳ ሥሩ እዚያ ነው። እናቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ትል ነበር። ዋተርሉ ሲወጣ የወጣው ሥሩ ነው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ የአጭሮቹ ተራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ጋሼ፣ የዘጠነኛ ክፍሉን ልጅ በዚያ ወፍራም መጽሐፍ አይፍረዱበት» ያለችኝን ሳሰላስል አደርኩ። ልጁ ሳይንሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ቤቱ ግን እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው የለም። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቶ በየመስመሩ ሁለት ሦስት የማያውቀው ቃል ካገኘ ከመጽሐፉ ጋር ተጣልቶ ይቀራል።

ይህ ስንፍና አይደለም። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ትምህርት ምሁር ፖል ኔሽን በ2006 ባሳተመው ጥናት አንድን ልቦለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ስሌቱ የተመሠረተው አንባቢ በደንብ እንዲረዳ ከመቶው ቃል ዘጠና ስምንቱን ማወቅ አለበት በሚለው ግኝት ላይ ነው። ይህ ማለት ከሃምሳ ቃል የማያውቀው አንድ ብቻ መሆን አለበት ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቁ ዕድሜዬን በክፍል ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው አውቀዋለሁ።

ማይክል ዌስት የሚባለው እንግሊዛዊ መምህር ይህን ችግር ያየው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በቤንጋል ሲያስተምር ነው። ልጆቹ የሚሰጣቸው ማንበቢያ ብዙ በማይገጥም ቃል ተሞልቶ ነበር። እሱ ብርቅ የሆነውን ቃል በተለመደው እየተካ፣ አዲሱንም ቃል ጥቂት በጥቂት እያስገባ መጻሕፍት አዘጋጀ። በ1953 የታተመው የቃላት ዝርዝሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላትን የያዘ ነው፤ የሎንግማን ቀላል እንግሊዝኛ መጻሕፍትም በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ መጻሕፍት ደግሞ ከ400 ቃላት ተነሥተው በስድስት ደረጃ እስከ 2,500 ይወጣሉ።

አንድ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሲጨርስ ፊቱ ላይ የሚታየውን ኩራት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጨረሰው ባለ 700 ቃሉን መጽሐፍ ቢሆንም ኩራቱ እውነተኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ራሱን አንባቢ ብሎ ይጠራል። ይህን የሚሰጠውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ላውርድ ማለት አልችልም።

ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ በዲክንስ ታሪክ ላይ የተሠራ የቋንቋ ማለማመጃ ነው። የዲክንስ ዐረፍተ ነገር አንዱም እዚያ የለም። ክብሩም ሥራውም የቋንቋ ትምህርት ነው። ስለዚህ ቦታው የሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ሳይሆን የቋንቋ መደርደሪያ ነው። የእኛ ጭቅጭቅ ግማሹ የመጣው ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸውን መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ በአንድ ስም ስላስቀመጥናቸው ይመስለኛል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የማሳጠር ትልቁ አደጋ የት እንዳለ ለማየት ወደ ጥንቱ መሄድ ይጠቅማል። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የከተማውን ታሪክ በ142 መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ለእኛ የደረሰው 35ቱ ብቻ ነው። የቀረውን የምናውቀው አብዛኛውን በጥቂት መስመሮች ጨምቀው ባስቀሩት ሰዎች በኩል ነው። ፖምፔዩስ ትሮጉስ የጻፈው 44 መጽሐፍ ደግሞ ጠፍቶ፣ ዩስቲን የተባለ ሰው ከእሱ ያሳጠረው ቀርቷል። አንባቢው በአጭሩ ስለረካ ሙሉውን የሚገለብጥ ጠፋ የሚሉ ምሁራን አሉ። አጭሩ ባይኖር ኖሮ ጭራሽ ምንም አይቀርልንም ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም አነጋገር እውነት ይዟል። ያም ሆነ ይህ አጭሩ ብቻውን የቀረበት ቤት የደኸየ ቤት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ልንኮራበት የሚገባ ታሪክ አለን። መጽሐፈ ሄኖክ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። የነበራቸው በይሁዳ መልእክት የተጠቀሰውና ጆርጅ ሲንኬሎስ የተባለው የቢዛንታይን ዜና መዋዕል ጸሐፊ በግሪክኛ ቀንጭቦ ያስቀመጠው ነው። ሙሉው፣ ዛሬ 108 ምዕራፍ ተብሎ የሚቆጠረው፣ በግእዝ በእኛ ገዳማትና አድባራት ውስጥ ነበር። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች መጽሐፉ ጥንታዊ መሆኑን አረጋገጡ፤ እነሱ ግን ቁርጥራጮች ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ያን ሁሉ ምዕራፍ የገለበጡት ጸሐፍት የሚጠቅመን ይህ ክፍል ነው ብለው ቢመርጡ ኖሮ ዓለም ሄኖክን ዛሬ የሚያውቀው በጥቅስ ብቻ ነበር። የሥነ ፈለኩን ረጅም ክፍል፣ የፀሐይንና የጨረቃን በሮች ቁጥር፣ አንድ ቸኳይ አሳጣሪ መጀመሪያ የሚጥለውን ሁሉ ሳያስቀሩ ጻፉት። ሙሉውን መጠበቅ ምን ዓይነት ውለታ እንደሆነ ከእኛ የተሻለ ሊያውቅ የሚገባው ሕዝብ የለም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ወርኃዊው የተክለ ሃይማኖት በዓል ከእሑድ ጋር ስለገጠመ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ ስለ ስንክሳር ሳስብ መጣሁ። ስንክሳር ለዓመቱ ቀናት ሁሉ የቅዱሳንን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ መጽሐፍ ነው። ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት ሲታሰብ ስንክሳሩ ላይ የሚነበበው አጭር ነው። ገድላቸው ግን ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ስንክሳሩን የሰማ ምእመን ገድሉን እንዳነበበ አድርጎ አይናገርም። ገድል መኖሩን ያውቃል፤ የፈለገም የት እንደሚነበብ ያውቃል።

ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ በኋላ ሊቃውንቶቻችን የኢትዮጵያ ቅዱሳንን ጨምረውበታል፤ በየታሪኩ መጨረሻም «ሰላም» የሚል የግእዝ ግጥም አስገብተውበታል። እንግዲህ አሳጣሪ የራሱ ሙያና የራሱ ውበት ሊኖረው ይችላል። አጭር ጽሑፍ ሁሉ የረጅሙ ጉድለት ነው ማለት ትክክል አይደለም። በእኛ ሥርዓት ዘንድ አጭሩ ለዕለቱ ጉባኤ፣ ረጅሙ ለበዓሉና ለጥናቱ ይሆናል። ሁለቱም ስማቸው የታወቀ፣ ቦታቸው የተለየ ነው። ይህን ሥርዓት ለትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ብንወስደው ምን ይከለክለናል?

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የጆናታን ስዊፍትን «የጉሊቨር ጉዞዎች» ይዛ መጣች። መጽሐፉ ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ስለ ማጠሩ ምንም አይልም።

«ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ ሌላ ክፍል አለው እንዴ?» አለችኝ።

«ለምን ጠየቅሽ የኔ ልጅ?»

«ስልኬ ላይ ሳይ አራት ጉዞ ነው ይላል። እዚህ ያለው የትንንሾቹ ሰዎችና የግዙፎቹ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነበር። በ1726 የታተመው መጽሐፍ አራት ክፍል አለው። ለልጆች ተብለው የሚዘጋጁት ብዙዎቹ እትሞች ሁለቱን የመጀመሪያ ጉዞዎች ይዘው ይቆማሉ። በሦስተኛው በሰማይ የምትንሳፈፍ ደሴት አለች፤ እዚያም በቀመር የተጠመዱ፣ ከሥራቸው ያለውን አገር ግን የሚጨቁኑ ሰዎች አሉ። አራተኛው ከሁሉም የከበደ ነው። አእምሮ ያላቸው ፈረሶች በሚገዙት አገር ሰው መሳይ አራዊት ይኖራሉ፤ ጉሊቨር በእነሱ ውስጥ የራሱን ዘር ያያል፤ ወደ አገሩ ተመልሶም የሚስቱንና የልጆቹን ሽታ መታገሥ ያቅተዋል። ስዊፍት ስለ ሰው ልጅ የተሰማውን ቁጣና ኀዘን ያፈሰሰው እዚህ ላይ ነው። እሱን ያወጣ ሰው ብርቱውን ክርክር ወደ ተረት ለውጦታል።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለምን ደበቁን?» አለች።

ልጆች ትክክለኛውን ቃል ያውቃሉ። ለዕድሜያቸው የሚመጥነውን መርጠን ብንሰጣቸው አይቀየሙንም። የሚቀየሙት መምረጣችንን ሳንነግራቸው ስንቀር ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ ቤተ መጻሕፍቱም በአንድ ላይ እምነት ያጣሉ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ አወረድንላት። ማይክል ሃርት በ1971 የጀመረው ይህ ሥራ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት በነፃ ይሰጣል፤ ስዊፍትም፣ ዲክንስም፣ ሁጎም እዚያ አሉ። ሙሉውን ለማምጣት ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ከእንግሊዝኛው መምህር ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ተከራከርን። እስካሁን የተነጋገርነው በባዕድ መጻሕፍት ላይ ስለሆነ ነገሩ ቀለል ብሎን ነበር። ወደ ራሳችን መጽሐፍ እናምጣው አልኩት፤ በ1958 ዓ.ም. ወደወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። አንድ አሳታሚ አምስት መቶ ገጽ አላፊውን ወደ መቶ ገጽ አውርድ ቢልህ ምኑን ታወጣለህ?

ጥቂት አሰበና «የበዛብህን ወላጆች ታሪክ። የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን። ልጁ ተወልዶ እስኪያድግ ድረስ ፍቅሩ አልተጀመረማ» አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ ራሱ ቆመ። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። እናቱ ለእግዚአብሔር የተሳለችው ስለት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ልቡን ለሁለት የሚከፍለው እሱ ነው። የወላጆቹ ታሪክ ሲወጣ የሚቀረው የጌታ ልጅ የወደደ የድኻ ልጅ ታሪክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ደግሞ በየአገሩ ሞልቷል።

«የጉዱ ካሣን ረጅም ንግግርስ?» አልኩት።

«እሱንማ ማን ይደፍራል!» አለ። ሆኖም ለታሪኩ መፍጠን ብቻ የሚጨነቅ አሳጣሪ መጀመሪያ የሚደፍረው እሱን ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ዓለም ከውስጥ ሆኖ የሚመረምረው፣ የዘመኑን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚጠይቀው ካሣ ነው። እሱ ዝም ከተባለ መጽሐፉ ለቅሶ ይሆናል እንጂ ጥያቄ አይሆንም።

ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበውን አነሣን። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች እንኳ እነዚህን ገጸ ባሕርያት እንደ ጎረቤቶቻቸው የሚያውቋቸው በእሱ ድምፅ ነው። ሕዝብ ረጅም ነገር አይወድም የሚለው አባባል በዚህ ፊት አይቆምም። በየሳምንቱ ቆርሶ የሚያቀርብለት ካገኘ ሕዝባችን ረጅሙን በትዕግሥት ይሰማል። ትምህርት ቤቱም ይህን ማድረግ ይችላል። ጮክ ብሎ ማንበብ አንድ ድምፅና አንድ መጽሐፍ እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ለማሳጠር የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ ራሳቸው ደራስያኑ የሚሰጡት ነው። ዲክንስ «የገና መዝሙር»ን በ1853 ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሲያነብ ወደ ሦስት ሰዓት ወስዶበት ነበር። ከዚያ በኋላ በራሱ እጅ እየሰረዘ በግማሽ ያህል አሳጠረው። የሰረዘበት ቅጂ ዛሬ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ነገር ግን ለመድረክ ያሳጠረው ሰው የታተመውን መጽሐፍ አልነካም። አንባቢው ሙሉውን፣ አድማጩ አጭሩን አገኘ።

ሌሎችን ስናይ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። ቻርልስና ሜሪ ላም የሼክስፒርን ተውኔቶች በ1807 ለልጆች በትረካ መልክ ጻፏቸው። የራሳቸው ሥራ መሆኑን አልሸሸጉም፤ ስለዚህም መጽሐፉ በራሱ ክብር እስከ ዛሬ ይነበባል። የሚያሳዝነው አብዛኛውን የጻፈችው የሜሪ ስም በመጀመሪያው እትም ላይ አለመውጣቱ ነው። ቶማስ ባውድለር በ1818 በአሥር ጥራዝ ያወጣው ሼክስፒር ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ቢሆንም በቤተሰብ መካከል ጮክ ተብሎ ሊነበብ የማይገባውን ማውጣቱን ርዕሱ ያለበት ገጽ ላይ አስታውቋል። አንባቢው አውቆ ገዛው፤ አውቆ ተቃወመው።

ሳያስታውቁ መቁረጥ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳየው የኸርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» ነው። በ1851 መጀመሪያ ለንደን ላይ ሲታተም የመጨረሻዋ አጭር ክፍል፣ ተራኪው ከመርከቡ መስጠም እንዴት እንደተረፈ የምትናገረው፣ ሳትገባ ቀረች። የእንግሊዝ ተቺዎችም ሁሉም ካለቀ ይህን ታሪክ የነገረን ማነው ብለው ደራሲውን ወቀሱት። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አንዲት ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ የአንድን ትልቅ ሰው ስም እስከዚህ ጎዳች።

በዘመናችን ደግሞ አንድ የእንግሊዝ አሳታሚ በ2007 የዚህንኑ መጽሐፍ አጭር እትም አወጣ። አሜሪካዊው ደራሲ ዴሚየን ሰርልስ ከአጭሩ የወጣውን ብቻ ለቅሞ በ2009 ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ አሳተመው። የወጣው ስለ ዓሣ ነባሪ አካል፣ ስለ አያያዙ፣ ስለ ባሕሩ የሚያሰላስለው ክፍል ነበር። ሜልቪልን ሜልቪል የሚያደርገው ትልቁ ነገር ትርፍ ተብሎ ከወጣው ውስጥ ተገኘ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዝርዝሩን ዛሬ ለኮሚቴው አቀረብን። የወሰንነውን እዚህም አሰፍረዋለሁ።

በቀላል እንግሊዝኛ እንደገና የተጻፉት ሁሉ ይቆያሉ። ከሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ወጥተው የቋንቋ ማለማመጃ በሚል ርዕስ በደረጃቸው ይደረደራሉ፤ መዝገቡ ላይም ያዘጋጀው ሰው ስም ከደራሲው ስም ጋር አብሮ ይጻፋል።

የደራሲውን ቃል እንደያዙ ያጠሩት ሙሉው ባለበት ከሙሉው ጎን ይቀመጣሉ። ሙሉው በወረቀት ከሌለን ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ አጭሩ ሽፋን ውስጥም ሙሉው የት እንደሚገኝ የሚናገር ወረቀት ይለጠፋል።

ማጠራቸውን የማይናገሩት፣ ሌላ የተሻለ እትም ካለን ይወገዳሉ። ብዙዎቹም የተገነጣጠሉ ስለሆኑ ለአዲሶቹ የመማሪያ መጻሕፍት የሚበቃው ቦታ የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ሌላ እትም የሌላቸው ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን መጽሐፉ ያጠረ መሆኑና ምን እንደወጣበት በአማርኛ ይጻፍበታል።

በአማርኛ የተደረሱት መጻሕፍት ግን በምንም ምክንያት ሙሉው ወጥቶ አጭሩ አይተካም። የሌላውን አገር መጽሐፍ ሙሉውን የሚጠብቅ ሌላ ቤት ሊኖር ይችላል። የእኛን እኛ ካልጠበቅነው የሚጠብቅልን የለም።

ርዕሰ መምህሩ አንብበው ፈረሙበት። መምህሩ ግን አንድ ሥጋት አልለቀቀውም። «ቦታቸውን ብንቀይረው፣ ወረቀት ብንለጥፍበት፣ ተማሪው አጭሩን አንብቦ ፈተናውን ካለፈ ወደ ሙሉው ለምን ይሄዳል?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከመደርደሪያ ሳይሆን ከክፍል ውስጥ ነው የሚገኘው። ተነጋግረን ይህን ጨመርንበት፤ አጭሩን የተዋሰ ተማሪ ሁሉ ከሙሉው ውስጥ በመምህሩ የተመረጠ አንድ ምዕራፍ አብሮ ይወስዳል፤ በክፍል ውስጥም ስለዚያች ምዕራፍ ይጠየቃል። ለከበዳቸውም መምህሩ ራሱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

ለ«ሌ ሚዜራብል» ጳጳሱ በሞት አፋፍ ላይ ካለው የአብዮት ሽማግሌ ጋር የሚነጋገሩበትን ምዕራፍ መርጠናል። ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ይቸገሩበታል። ቢሆንም አንድ ታላቅ ድርሰት ሙሉ አቅሙን ሲያወጣ ምን እንደሚመስል ሳያዩ ከዚህ ትምህርት ቤት እንዲወጡ አልፈልግም። አጭሩ የታሪኩን መንገድ ያሳያቸዋል። ይህች አንዲት ሙሉ ምዕራፍ ደግሞ ደራሲው የሚያስብበትን ስፋት ታሳያቸዋለች። ከዚያ በኋላ ይቀጥሉ አይቀጥሉ የራሳቸው ምርጫ ነው፤ የእኛ ግዴታ ምርጫውን አውቀው እንዲመርጡት ማድረግ ነው።